ምራቴና ሦስተኛው ታይመር

ልጆቼ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ የሆነ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፤ አልቀየምም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት። የፒንግቶንግ፣ የደቡብ ታይዋኗ አገራችን፣ ፀሐይ አናት ይበሳል።

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር...

አይደለም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባሌ ሲሞት ጓሮ ያለውን የላስቲክ ቤት ትቶልኝ ሄደ። ከታች የቆሮሶ ዓሣ ገንዳ አለ፤ ከላይ ጠጠር ላይ የተተከለ ሰላጣ። ቆሮሶ ግልገሎቿን አፏ ውስጥ ደብቃ የምታሳድግ ዓሣ ናት። ፓምፑ የዓሣውን ውሃ ወደ ሰላጣው ይገፋል፣ ጠጠሩ አጣርቶ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። በየሰዓቱ ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ አርባ አምስት ደቂቃ ያርፋል። ይሄን የሚያዘው ታይመር ነው። ታይመሩ ከለገመ ዓሣው አየር አጥቶ ያልቃል።

ሁለት ጊዜ አለቀብኝ።

የመጀመሪያው ታይመር ዲጂታል ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሞላሁለትን ሁሉ ረስቶ ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛው ርካሽ ባለ ጥርስ ነበር። ፓምፑ ሲነሳ የሚስበውን ኃይል አልቻለውም፤ ውስጡ ተቃጠለ።

ምራቴ ዪጁን የሞቱትን ዓሦች በአካፋ እየዛቀች እንዲህ አለችኝ።

"እማማ፣ ይሄን ሽታ ሦስተኛ አልችልም። አንድ ጊዜ ደግሞ ካለቁ፣ ገንዳው ወደ ቆሻሻ፣ እርስዎ ወደ አረጋውያን ማቆያው።"

"ልጄ ይሄን ቢሰማ!"

"ልጅዎ መርከብ ላይ ነው። የማቆያውን ወረቀት ፈርሞ ነው የሄደው።"

ፈርሞ...

በዚያ ቤት አርባ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ከዚያ ቤት በእግሬ ላለመውጣት ለራሴ ምያለሁ።

በማግስቱ ሰኞ ወደ ጋሽ ጓን የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድኩ።

"ሦስተኛሽ ነው አይደል ሱኢንግ?" አለኝ እየሳቀ። "ዓሣ ነው የምታረቢው ወይስ ታይመር?"

"ሳቅ፣ ሳቅ። አራት ጥርስ እንደቀረህ አገር ይይልህ።"

"ዲጂታል ልስጥሽ?"

"መብራት በሄደ ቁጥር ስሜን የሚረሳ አልፈልግም። የማያዛንፍ ስጠኝ። ነገሩ የዓሣ ብቻ እንዳይመስልህ።"

ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ስር አንድ አሮጌ የብረት ታይመር አወጣ። ክብ ነው፣ ከባድ ነው። ዙሪያውን ዘጠና ስድስት ጥርስ አለው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሩብ ሰዓት ነው። ወደ ታች የተጫነው ያበራል፣ ወደ ላይ የተነሳው ያጠፋል።

"ባለቤቱ ሞቶ ቤቱ ሲፈርስ ነው ያመጡልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ደቂቃ አላዛነፈም።"

ላዩ ላይ አረንጓዴ የቺፕስ ከረጢት በላስቲክ ታስሯል። እኛ ዘንድ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ አረንጓዴ ከረጢት ያስቀምጥበታል፣ ማሽኑ እንዲታዘዝለት። ቺፕሱ አይበላም። ቀኑም ማለፍ የለበትም።

"ይሄማ ካለፈበት ሰባት ዓመቱ ነው!" አልኩት።

ሳቁ ጠፋ።

"እሱን... ተይው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ሟቹ ሲያጣጥርም የተናገረው ይሄንኑ ነው ይባላል። እንዳትቀይሩት አለ።"

ልጆቼ፣ ቀኑ ያለፈበት ከረጢት ማሽን ላይ የሚተው ማን አለ? ልጅ እንኳን አይተወውም። ቤት እንደገባሁ አሮጌውን ጣልኩና አዲስ አሰርኩለት።

እንደ ልማዳችን "እሺ በል፣ ታዘዝልኝ" አልኩት።

ሆዴ ግን በዪጁን አርሮ ነበር...

"እሷንም ጸጥ አድርግልኝ" ብዬ ጨመርኩበት።

ማክሰኞ አዲስ ዓሣ ገንዳው ውስጥ ጨምሬ ታይመሩን ሰካሁት፤ ረፋድ አምስት ሰዓት ፓምፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ዪጁን ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት እየከተፈች ትነዘንዘኛለች።

"ጭቃ የነካውን ጫማ ይዘው አይግቡ ብዬ ስንት ጊዜ..."

ፓምፑ ቆመ።

እሷም ቆመች።

ቢላው በአየር ላይ... አፏ እንደተከፈተ...

"ዪጁን?"

ዝም።

እጄን በዓይኗ ፊት አወናጨፍኩ። ዓይኗ አልተርገበገበም። ልሩጥ? ሰው ልጥራ? ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጓሮ ፓምፑ ተነሳ።

"...ልንገርዎት?" አለች፤ ሽንኩርቱንም መክተፏን ቀጠለች።

አርባ አምስት ደቂቃ አልፎባታል። አላወቀችም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ደስ አለኝ።

በየሰዓቱ አርባ አምስት ደቂቃ ቤቱ የእኔ ሆነ። ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ እቀመጥና ሰባት ዓመት የዋጥኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። መካን አልኳት። በባሌ ቀብር ስልኳን ስትነካካ እንዳየኋት ነገርኳት። ክንዷን ቆነጠጥኩት።

ረቡዕ ዕለት በጥፊ መታኋት።

ያን ጊዜ ነው መዳፌን ያየሁት... እርጥብ ነው።

ጉንጯ ቀዝቃዛና የሚያዳልጥ ነበር። ከእግሯ ስርም ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። አሸተትኩት። የገንዳ ሽታ ነው።

አላቆምኩም፣ ልጆቼ። ወለሉን ወለወልኩና ቀጠልኩ።

አመሻሹ ላይ ፓምፑ ሲሠራ ዪጁን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"እማማ... ክንዴን ይዩት። ማነው የቆነጠጠኝ?"

"በር መቶሽ ይሆናላ።"

"ሰዓቱ ይጠፋብኛል። ሾርባ እጥዳለሁ፣ ዞር ስል ድስቱ አርሯል። ጥማቱ ደግሞ... እማማ፣ እያበድኩ ነው?"

በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

ልነግራት እችል ነበር። ከረጢቱን መቅደድ፣ ታይመሩን ነቅሎ መጣል እችል ነበር።

"አዎ" አልኳት ፀጉሯን እየዳበስኩ። "እያበድሽ ነው።"

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ቀና አለች።

"እንግዲያው እርስዎን መጦር አልችልም። ዓሣው ቢኖርም ባይኖርም፣ ነገ በስድስት ሰዓት የማቆያው ሰዎች መኪና ይልካሉ። ደውዬላቸዋለሁ።"

ሐሙስ ልብሴን በሻንጣ ከትታ በሩ ጀርባ አስቀመጠችው። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፓምፑ ቆመ፤ እሷም እጇን ሻንጣው ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች።

ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ፓምፑ ዳግም እንዳይነሳ፣ የተጫኑትን ጥርሶች አንድ በአንድ ወደ ላይ አነሳኋቸው። ዘጠና ስድስቱም ወደ ላይ ሆኑ። ጣቴ ደማ።

ዓሦቹ ወደ ላይ መጡ... አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ... ሁሉም ወደ እኔ።

ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ገርበብ አድርጌ ከፈትኩት። ወጣት ሰውዬ ነው፣ ትሁት።

"እማማ፣ ዪጁን የለችም?"

"እናቷ ጋ ሄዳለች። ሐሳቧን ቀይራለች።"

"ኧረ? ጠዋት ደውላ ነበር እኮ..."

"ቀየረች አልኩህ ልጄ። ጸባይዋን አታውቅም።"

ዪጁን በሩ ጀርባ ቆማለች። እጁን ቢዘረጋ ይነካት ነበር። የእሷ ሽታ፣ የገንዳው ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞልቶታል። እሱ አፍንጫውን ሸብሸብ አደረገና "ዓሣ ያረባሉ አይደል?" ብሎ ፈገግ አለ። ሄደ።

ሲመሽ ዓሦቹ በሙሉ በነጭ ሆዳቸው ተንሳፈፉ።

አርብ ጠዋት አሳዘነችኝ። ይብቃት አልኩ። ጥርሶቹን እንደነበሩ መለስኳቸው። ፓምፑ ተነሳ፣ ውሃው ሽቅብ ወጣ።

ሮጥኩ።

"ዪጁን! በቃ፣ ነይ ልጄ!"

አልተንቀሳቀሰችም።

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በኩባያ ውሃ አምጥቼ አፈሰስኩባት... ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ። ደግሜ አፈሰስኩ። ደረቷ ከፍ አለ። ሳቆም ቆመ።

እየጎተትኩ ወስጄ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስተኛኋት።

ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ ነው። በየሰዓቱ ሩብ ሰዓት፣ ልክ እንደ ፓምፑ፣ በባልዲ ውሃ አፈስባታለሁ። ካልሆነ አትተነፍስም። እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ከመርከብ ሲደውል "እናቷ ጋ ናት" እለዋለሁ። ከቤቴ ማንም አላወጣኝም።

ትናንት ቀትር ላይ ባልዲውን ይዤ ስገባ አፏ በውሃው ውስጥ ተከፍቶ አገኘሁት።

ልትናገር ነው ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ድምፅ አልነበረም።

ከከንፈሯ መሐል አንድ ጥቁር ነጥብ ወጣች... ቀጥሎ ሌላ... ከዚያ በርካታ... ጥፍር የማያክሉ የቆሮሶ ግልገሎች። ሕያው ናቸው። ፊቷን፣ ሽፋሽፍቷን፣ የቆነጠጥኩትን ክንዷን እየዞሩ ይዋኛሉ።

ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ...

ከዚያ ተሽቀዳድመው ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ።

ዪጁንም... ቀስ ብላ... ከንፈሯን ገጠመችላቸው።