ከመረብ ቤቱ የተሰማው ስንብት

የክሎቪስ ቴሪዮ አስከሬን ከረግረጉ ውሃ ሲወጣ ጊታሩ ገና ይጮህ ነበር። ድሮ የዓሣ መረብ ይቀመጥበት በነበረው የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተደግፎ፣ የሚነካው እጅ ሳይኖር ብቻውን ይጮሃል። ጀልባ መቆሚያው ላይ የተሰበሰቡት ዓሣ አጥማጆች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ገብቶ ሊያጠፋው የደፈረ አልነበረም።

መርማሪ ኦዲል ቬሬ ገብታ አጠፋችው። ስትወጣ ሰዉ ሁሉ በቅዳሴ መሀል ያፏጨች ይመስል ገላመጣት።

ምክንያቱን የነገረቻት አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው፣ የክሎቪስ ባንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ዲና ፒትር ናት።

«ሌላ ቦታ ይሄ ብልሽት ነው» አለች ዲና። «እኛ ጋ ግን ስንብት ነው። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ክሎቪስ ጊታሩን ማጉያው ላይ ያስደግፍና ጥሎት ይወጣል። ማጉያው ክሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ክሩ ደግሞ መልሶ ማጉያውን ያስጮኸዋል። ከበሮ መቺያችን ሎኒ መጥቶ እስኪያጠፋው ማንም ንክች አያደርገውም።»

«ለምን ሎኒ?»

«ከእሱ በፊት ከበሮ ይመታልን የነበረው ወንድሙ ነው። ከዓመታት በፊት የመታን አውሎ ነፋስ ወሰደው። ስንብቱ የተጀመረው ለእሱ ነው።»

ባንዱ «ደለል» ይባላል፤ በሜታል ሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ስም ያለው ባንድ ነው። በወጣትነታቸው የሚያሳድዳቸው ያለ ይመስል ይጣደፉ ነበር፤ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ግን ቀስ አሉ። በየአልበሙ ክሩን እያላሉ፣ ድምፁን እያወረዱ፣ ዜማውን እያዘገዩ ሄዱ። አንዱ ምት ከሌላው ከመራቁ የተነሳ፣ የሚቀጥለው መምጣቱን የሚጠራጠር አድማጭ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ጎልማሶች ከሩቅ ግዛት እየመጡ፣ ቆመው የሚያለቅሱት ለዚህ ዝግታ ነው።

የኦዲል አለቃ ነገሩን ወዲያው ዘጋው። «ሰውየው ተሰናበተና ውሃ ገባ። ራሱ ላይ ያለው ቁስል የመቆሚያው ግንድ የመታው ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደምትፈልግ ኦዲል ያወቀችው የሟቹን ሚስት ካነጋገረች በኋላ ነው።

የኤስቴል ቴሪዮ ቤት ከመረብ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ማዶ ነው። የወጥ ቤቷ መስኮት ተከፍቷል።

«ይግቡ። ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳያዳልጥዎ» አለች።

«ጩኸቱን ሰምተው ነበር?»

«ሰማሁት። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ አልሄድኩም። አሁንም እሰማዋለሁ። ቧንቧ ስከፍት እሰማዋለሁ።»

«ከዚያ በፊትስ? ሲጫወት ሰምተውታል?»

«ውሃውንና ወፎቹን ብቻ። ጆሮው ታሞ ነበር፤ ቀን ከሌት ያፏጭበታል። ሐኪሙ ከባድ ድምፅ ከልክሎት ስለነበር፣ ከኮንሰርት በቀር ማጉያ አይከፍትም። ጊታሩን እንዲሁ ይነካካዋል። አጠገቡ ካልቆሙ አይሰማዎትም።»

«ጓደኞቹ ያውቃሉ?»

«ማንም አያውቅም። ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ ሊነግራቸው ነበር፤ ጆሮውንም፣ ባንዱን ማቆሙንም።» ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለች ትንሽ የቆዳ ከረጢት አመለከተች። «የጆሮ መድፈኛው እዚያው ነው። ያለሱ ማጉያ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።»

ኦዲል ልትነሳ ስትል ኤስቴል እጇን ያዘቻት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላው አይገደኝም። ጥሎኝ ነው የሄደው?»

«እስካውቅ ድረስ አልመልስልዎትም።»

«ጥሩ» አለች ኤስቴል። «ሌሎቹ ሁሉ ሳያውቁ መለሱልኝ።»

ከበሮ መቺው ሎኒ ጊድሪ እጁ በዘይት እንደተለወሰ ነበር የተቀበላት።

«አዎ፣ ከክሎቪስ ጋር ተሰዳድበናል» አለ። «ቀስ በል፣ ቀስ በል ይለኛል። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እኮ ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩት።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

«ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ መኪናዬ ሥር። የሚመሰክርልኝ ውሻዬ ነው፤ እሱም አይወደኝም።»

«ክሎቪስን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፤ ድምፁንም አልሰማሁም።»

ዘፋኙ ዋድ አርሴኖ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽበት የወረሰው ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል።

«የቬሬ ልጅ አይደለሽ? እናትሽን አውቃታለሁ» አለ በሻከረ ድምፁ። «እኔ ያለ እሱ ምንም አይደለሁም። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እጮሃለሁ። ሕይወቴ ይኸው ነው።»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ዛሬ አላየሁትም፤ ሰማሁት እንጂ። ከሰዓት በጀልባዬ በመረብ ቤቱ በር ሳልፍ፣ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም፣ እንደ ልጅነታችን እየተጣደፈ ይጫወት ነበር። ደስ አለኝ። አልገባሁም።»

ኦዲል ወደ መረብ ቤቱ ተመልሳ ዲናን አስጠራች። ዲና ሲጮህ የነበረውን ጊታር አነሳች፤ ጣቷ ክሩ ላይ እንዳረፈ ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የስንብቱ አይደለም። የወጣትነቱ ጊታር ነው፤ ክሩ ቀጭን ነው። ለዚህ ነው እንደ ወፍ የጮኸው። የኛ ስንብት ከሆድ የሚወጣ ነው።»

ወፍራም ክር ያለው ጊታር እዚያው፣ ማጉያው አጠገብ፣ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

«በስህተት ልታነሺው ትችያለሽ?»

«ሰክሬም አላነሳውም። ክር ነክቶ የማያውቅ ካልሆነ ማን ይሳሳታል?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኦዲል ሁሉንም ጀልባ መቆሚያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ኤስቴልም መጣች። ዲና ቀጭን ክር ያለውን ጊታር ይዛ፣ ማጉያው ሳይከፈት፣ ውስጥ ተቀመጠች። በሩ ክፍት ነው። ኦዲል የዋድን ጀልባ ሞተር እንዲያስነሳ ሎኒን አዘዘችው።

«ምን እየተጫወተች ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ጀመረች እንዴ?» አለ ሎኒ።

ኦዲል ወደ ዋድ ዞረች። ዋድ ውሃ ውሃውን ያያል። ሞተሩ ሲጠፋ ዲና ብቅ አለች።

«ጣቴ እስኪላጥ ተጫወትኩ እኮ። አንድ ሰው አያጨበጭብም?»

ማንም አልሳቀም።

«ክሎቪስ የጆሮ መድፈኛውን ቤቱ ትቶ ነው የወጣው» አለች ኦዲል። «ማጉያ የመክፈት ሐሳብ አልነበረውም። አለቃዬ ‹ሊሞት ለወሰነ ሰው ጆሮ ምኑ ነው› ይላል። እሺ፣ ለመሰናበት ጨክኖ ከፈተው እንበል። ታዲያ ለሎኒ ወንድም ያለቀሰበትን ጊታር አጠገቡ አስቀምጦ፣ ይህን ለምን ያነሳል? ያስደገፈው ሌላ ሰው ነው፤ በሟቹ እጅ የነበረውን ወስዶ። ዲና ብትሆን አትሳሳትም። የቀሩት ሎኒና ዋድ ናቸው።»

ሎኒ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ወይዘሮ ኤስቴል ከጩኸቱ በፊት ምንም አልሰሙም፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ማጉያው ዝግ ነበር። አሁን እንዳያችሁት፣ ሞተር እየጮኸ ከዚህ አይሰማም። ክሎቪስ እየተጣደፈ ይጫወት እንደነበር የሚያውቅ አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ዋድ፣ አንተ ነህ የነገርከኝ።»

ዋድ ዓይኑን ከውሃው አላነሳም።

«ባንዱን ላቆም ነው አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ መጫወቱን ቀጠለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ያለ እኔ ደስ ብሎት ነበር። ገፋሁት። ራሱ የማጉያው ብረት ላይ አረፈ። የሞተ መሰለኝና ውሃው ውስጥ ጣልኩት።»

«አልሞተም ነበር» አለች ኦዲል ዝግ ብላ። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እንዳለው፣ የገደለው ውሃው ነው።»

ዋድ ወደ ሎኒ ዞረ። «ያለ ስንብት እንዳይቀር ብዬ ነው ማጉያውን የከፈትኩት።»

«ስንብቱ የወንድሜ ነበር» አለ ሎኒ። «የወንድሜን ልቅሶ መደበቂያ አደረግኸው።»

ፖሊሶቹ ዋድን ይዘውት ሄዱ። ኤስቴል ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ልምምዱ ሲያልቅ ቤቱ ሊመጣ ነበር እንግዲህ» አለች።

«አዎን፣ ወይዘሮ ኤስቴል። ሊመጣ ነበር።»

ኤስቴል መቆሚያው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኦዲል ሌሎቹን ይዛ ራቅ አለችላት።