የጀማሪው ጓንት

ሬሳው የተገኘው በማለዳ፣ ከቲያትር ቤቱ ላይኛው ባልኮኒ ወደ ኋላ በር በሚያወርደው ጠባብ ደረጃ ግርጌ ነው። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ጥላ ነበር የሮጠችው። መርማሪዋ ስትደርስ የፈሰሰው ውኃ ገና አልደረቀም።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እዚህ ቤት ግን ሹፌር ብሎ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጀማሪው» ነው የሚለው። ባሌት በታየ ቁጥር ከላይኛው ባልኮኒ ፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል፤ ጭብጨባ የሚጀምረውም እሱ ነው። የት ላይ እንደሚጨበጨብ ያልገባው ተመልካች ሁሉ የሱን እጅ ይጠብቃል። እጁም እጅ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን መሪ ያዞረበት፣ አካፋ የሚያክል።

«ወድቆ ነው» አለ ሐኪሙ። «ደረጃው ቁልቁለት ነው፤ ሰውየውም ሸምግሏል።»

የመርማሪዋ ዐይን የሟቹ እጅ ላይ ነበር። ገበር ያለው ወፍራም ጥቁር የሱፍ ጓንት አጥልቋል፤ ጓንቱ ግን አውራ ጣቱ ሥር ሲደርስ ተወጥሮ አልወርድም ብሏል። ግማሽ መዳፉ ውጭ ቀርቷል።

«በዚህ ሙቀት ጓንት?» አለች። «ያውም እንዲህ ግማሹን ብቻ?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ።

ወደ ባልኮኒው ወጥታ መድረኩን ቁልቁል ለማየት መደገፊያውን ያዘች። መደገፊያው የለበሰው ቀይ ከፋይ አርጅቷል፤ እጇን ስታነሳ መዳፏ ቀይ ብናኝ ሞላው። ሱሪዋ ላይ ብትጠርገው ጊዜ ሱሪዋንም አበላሸው። ይህች ሴት በሥራዋ ብዙ ጉድ አይታለች፤ ባሌት ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም፤ ለማየትም አልጓጓችም።

ነገሩን የዘረዘረላት ዘበኛው ነው። ትናንት ማታ የዋናዋ ዳንሰኛ የስንብት ትርዒት ነበር። ወዳጆቿ «የኛዋ» ይሏታል። የኛዋ ታዲያ ከወንዙ ማዶ ላለው ተቀናቃኝ ቡድን ልትሄድ ነው። ከሳምንት በፊት ጀማሪው በር ላይ ጠብቆ በሰው ፊት «ከሃዲ» ብሏታል። ትናንት ደግሞ ትርዒቱ እንዳለቀ እሷ ጀማሪው የት እንዳለ ጠይቃ ወደ ላይ ስትወጣ ዘበኛው በዐይኑ አይቷል።

መርማሪዋ ዳንሰኛዋን ያገኘቻት በመልበሻ ክፍሏ፣ እግሯን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራ ነው። የግራ እግሯ ቁርጭምጭሚት አብጧል።

«መታወቂያሽን አቆየዋለሁ» አለቻት።

«ማምሻውን ማዶ ሄጄ ውል ካልፈረምኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል» አለች ዳንሰኛዋ። «እዚህም ተሰናብቻለሁ። እዚያም ካጣሁ ምንም የለኝም።»

«ማታ ከሟቹ ምን ፈልገሽ ወጣሽ?»

«ላመሰግነው። በፊት ለፊቱ ደረጃ ወጣሁ፤ ማንም አልነበረም፤ ተመለስኩ።»

«ከሃዲ ያለሽን ሰው ልታመሰግኚ?»

«ጓደኞቹ ስለነበሩ ነው እንደዛ ያለኝ። ማታውኑ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሂጂ ያለኝ ራሱ ጋሼ ነው። ማንም ሳያየው እግሬን አይቶ ነበር።» ቦርሳዋን ጎተተችና ጥቁር የሱፍ ጓንት አወጣች፤ ሁለቱንም። «ትናንት መጨረሻ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዛ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጭብጨባ ከላይ መጣ፤ የሱን ጭብጨባ አውቀዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰው ሁሉ ተከተለው። ይሄ ደግሞ እግሬ ሥር ወደቀ። አበባ መስሎኝ ነበር።»

መርማሪዋ ጓንቱን አጠለቀችው። እጇ ውስጡ ጠፋ። መዳፉ ላይ ቀይ ብናኝ አለ።

ከሟቹ ጋር በዚያ ረድፍ የሚቀመጡት ሦስት ናቸው፤ አንድ መምህር፣ የሟቹ ታናሽ ወንድምና «እትዬ» የሚሏት ፋርማሲስት። አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው፤ ሦስቱም ስለ ሟቹ አዝነው፣ በዳንሰኛዋ ግን አምርረው ነበር።

መምህሩ በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው። ለቅሶው ንዴት ሆኖበታል።

«ከኋላ ረድፍ ከሚቆሙት ዳንሰኞች መሀል የለየናት እኛ ነን» አለ። «ዝናብ እየደበደበን ትኬት የተሰለፍንላት እኛ ነን። መሄዷን ግን የሰማነው ከሬዲዮ ነው። አንድ ቃል እንኳ አልነገረችንም። እንደ ባዕድ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ላናጨበጭብ ተማማልን። እጃችንን እናውቀዋለን፣ አያስችለውም፤ እንዳያመልጠን ጓንት ገዛን። አራታችንም አንድ ዓይነት።»

መርማሪዋ ላለማጨብጨብ ጓንት የሚገዛ ትልቅ ሰው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

«ማን አጨበጨበ ታዲያ?»

«ከታች ነው የተጀመረው» አለ መምህሩ፣ ቶሎ ብሎ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀጭን፣ ጣቱ እንደ ሴት ልጅ ጣት የለሰለሰ። እሱም «ከታች ነው» አለ። ወንድሙን ለምን ትቶ እንደወጣ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ተናድጄ ነበር። ከመምህር ጋር ቀድመን ወጣን። እሱና እትዬ ቀሩ።»

«በምን ተናደድክ?»

«በሷ ነዋ» አለ፤ ዐይኑ ግን ከመርማሪዋ ሸሸ።

መጨረሻ ፋርማሲስቷን ከሱቋ አገኘቻት። አጠር ያለች፣ ጽዱ፣ ነገሯ ሁሉ የተደረደረ ሴት ናት። ከመድኃኒቶቹ ጀርባ ባለ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የዳንሰኛዋ ያረጁ ጫማዎች ተቀምጠዋል።

«እንደ ልጄ ነበረች» አለች። «ሕመም እንኳ እንዳታውቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ትርዒት በፊት ማስታገሻዋን በእጄ ነበር የምሰጣት። አሁን ውለታዬን ይዛ ማዶ ተሻገረች።»

«ማታ አጨበጨቡ?»

«እኔ? ባልኮኒውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው ያመሸሁት። ካልያዝኩት ያመልጠኛል ብዬ።»

«ከሟቹ ጋር ወረዱ?»

«እሱ እቆያለሁ አለ። እኔ በፊት ለፊቱ ወጣሁ።»

መርማሪዋ አመሰገነቻት። «ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ባልኮኒው ላይ እንገናኝ» አለች። «ጓንታችሁንም ይዛችሁ ኑ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሲመጡ ዳንሰኛዋ ቀድማ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማንም ሰላም አላላትም። መምህሩ ጭራሽ ፊቱን አዞረ።

«መታሰር ያለባት እዚያ ተቀምጣለች» አለ።

«እስቲ እንይ» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ጓንት አድርጎ ተገኝቷል፤ ግን የራሱን አይደለም። የራሱ ይኸውና።» ከዳንሰኛዋ የተቀበለችውን ጓንት መደገፊያው ላይ አኖረችው። «ማታ አውልቆ ወደ መድረኩ ወረወረው። የወረወረው በባዶ እጁ ሊያጨበጭብ ነው። ጭብጨባውን የጀመረው እሱ ነው፤ ሦስታችሁም አጠገቡ ሆናችሁ አይታችኋል፤ ሦስታችሁም ደበቃችሁኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሞቶ ሳለ ከዳ ብዬ ላወራ ነው?» አለ። «ወንድሜ ነው እኮ።»

«ገብቶኛል። ግን አንድ ሰው ከናንተ የባሰ አድርጓል። ከሞተ በኋላ ጓንት አልብሶታል። ለምን? ጀማሪው መሐላውን አፍርሶ ተገኘ እንዳይባል። ይቺ ልጅ ብትሆን ስለ መሐላችሁ ከየት ታውቃለች? ብታውቅስ፣ የገዛ ጓንቱ እጇ ላይ ነበር፤ የማይሆነውን ልታጠልቅለት ምን አስታገላት? ያለበሰው መሐላውን የሚያውቅ፣ በእጁ ከራሱ ጓንት በቀር ሌላ ያልነበረው ሰው ነው።»

መምህሩ ቀስ ብሎ ወደ ዳንሰኛዋ ዞረ።

«ሟቹ እጅ ላይ የነበረው ጠባብ ነው። መምህር፣ ጓንትዎን አምጡ። ድንኳን ነው፤ እርስዎ አይደሉም። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ። እጃችሁም ይተካከላል፤ ሁለታችሁም ጓንት ይዛችሁ መጥታችኋል።»

ሁለቱን ጥንድ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳቻቸው። ከዚያ የገዛ ሱሪዋን አሳየቻቸው፤ ጠዋት የጠረገችበት ቀይ ብናኝ አሁንም አለ።

«ይሄ ከፋይ የነካውን አይለቅም። የሟቹ ጓንት ብናኝ አለበት። የመምህርም አለበት። የወንድምየው አለበት። ሟቹ እጅ ላይ የነበረውም አለበት። ይሄኛው ግን ንጹሕ ነው፤ ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል። እትዬ፣ ባልኮኒውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው ያመሸሁት አላሉኝም?»

ፋርማሲስቷ ንጹሑን ጓንት አየችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«ደረጃው ላይ ነው የነገረኝ» አለች። «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ አለኝ። ልጅቷን የጨረሳት ያንቺ ኪኒን ነው አለኝ። በስብራት ላይ ነው የምትደንሰው፣ ማዶ ያሉት እስክትድን ሊያሳርፏት ተስማምተዋል አለኝ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት… ገፋሁት። መግፋቴን ያወቅኩት ወድቆ ስሰማው ነው። ወርጄ ሳየው እጁ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ከሃዲ ሊለው ነው። ያን ያህል ዓመት አብረን ተቀምጠን፣ ከሃዲ ተብሎ እንዴት ይቀበር? ጓንቴን አውልቄ አጠለቅኩለት።»

«ዛሬስ ልጅቷ በርስዎ ጥፋት ስትያዝ ለምን ዝም አሉ?»

ፋርማሲስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳንሰኛዋ ዞረች። «ብትታሰር አትሄድም ብዬ ነዋ» አለች።

መርማሪዋ መታወቂያውን ከኪሷ አውጥታ ለዳንሰኛዋ ሰጠቻት። «ትደርሻለሽ፤ ሂጂ» አለቻት። ዳንሰኛዋ የጀማሪውን ጓንት ወንድሙን በዐይኗ ጠይቃ አነሳች፤ እሱም ራሱን ነቀነቀላት። ፋርማሲስቷ ፊት ስትደርስ ቆም አለችና አለፈች።

ወደ በሩ የሚያቋርጠው መንገድ በመድረኩ ላይ ነው። አራቱ ከላይ ሆነው አዩዋት፤ ባዶውን መድረክ ቦርሳዋን አንግታ ስትሻገር። ቀኝ እግሯን ታስቀድማለች፣ ግራውን ትጎትታለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትጎትታለች።

ፋርማሲስቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ መደገፊያውን በባዶ እጇ ያዘች።

«ታነክሳለች» አለች። «ምን ሆና ነው? እንዲህ ሄዳ አታውቅም።»

«ዛሬ ኪኒን አልዋጠችም» አለች መርማሪዋ።