የአንድ ክንድ መቀነት

«እማዬ፣ በረታችንን ላቃጠለች ሴት ከመቀነትሽ ቆርጠሽ የምትሰጪው ለምንድን ነው?»

አልጣሽ እናቷን እንጉዳይን እንዲህ ስትል ጠየቀቻት። ዘንዶው ጉርምሳ ለጤዛምድር አገር ዝናም የሚያወርደውን ዕንቁ ሰርቆ ወደ ጥቁሩ ገደል ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ሸሽቷል፤ በረታቸውን ያቃጠለችው የጎረቤታቸው የደብሪቱም ገመድ ከውኃው አንድ ክንድ አጥሮ ቀርቷል። እንጉዳይ ያቺን ሴት ባዶ እንስራ ታቅፋ ቆማ ስታያት መቀነቷን እየፈታች ቀረበቻት።

«መቀነት የምትፈቺው ልታንቂኝ ነው?» አለች ደብሪቱ።

«አንገትሽ ወፍራም ነው፣ አይደርስም። በይ ቀጥዪበት!»

በማግስቱ ደብሪቱ ከራሷ መቀነት ቆርጣ የማታውቃትን በሽተኛ ቃሬዛ አሰረችበት። የበሽተኛዋም እናት የአንድ መንገደኛ ጭነት ተበጥሶ ቢፈስ የእሷን ቆርጣ ሰጠችው። መንገደኛው ወሬውን ይዞ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ በጤዛምድር ሙሉ መቀነት ያላት ሴት ጠፋች፤ በሩን ዘግቶ የሚበላም ጠፋ።

ከዚያ ወርዶ ዕንቁውን የሚያወጣ ሰው እንዲቀርብ ነጋሪት ተጎሰመ። የንጉሡ ነቢይም ተናገረ፦ «ወደ ገደሉ ጠፍር ቢወርድ ይበጠሳል፣ ሰንሰለት ቢወርድ ይቀልጣል። በፈቃድ የተሰጠ ብቻ ይጸናል!»

አልጣሽ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ማለች፦ «ዕንቁውን ሳላወጣ ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፋረደኝ!»

«ልጄ፣ ሌላ ሰው የለም ወይ?»

«እናት ሁሉ እንዲህ ካለች ማን ይወርዳል?»

የአገሩ ሴቶች ሁሉ ከየወገባቸው አንድ አንድ ክንድ ሰጡ። የንጉሡ መልእክተኛ እየመራቸው፣ እንጉዳይ፣ አልጣሽና ደብሪቱ የአመዱን በረሃ ሰባት ቀን ተጓዙ። የተቀጣጠለውን ገመድ የተሸከመችው ደብሪቱ፣ «የስንቱን ወገብ አዝዬ ነው የምሄደው!» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ከገደሉ አፋፍ አልጣሽን አወረዷት። ብዙ ቆይቶ ገመዱ ተንቀሳቀሰ። ሲስቡት ከበደ፤ ክሩም ይበጠስ ጀመር።

«እማዬ፣ ገመዱ ለእኔና ለዕንቁው አይችልም!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «ዘንዶው ነቅቷል። ዕንቁውን ሳቢ!»

«አንቺን ነው የምስበው! ዕንቁው ገደል ይግባ!»

«አገሩ ሁሉ ተጠምቷል፣ እማዬ።»

ገመዱ በድንገት ቀለለ። እንጉዳይ እየጮኸች ሳበች፤ ደብሪቱም ከኋላዋ ሳበች። የወጣው ዕንቁው ብቻ ነበር። ወዲያው የገደሉ አፍ ተደርምሶ ዘንዶውንም አልጣሽንም ደፈነ። ሰማዩ አጉረመረመ፤ ሦስት ዓመት የጠፋው ዝናም ወረደ።

እንጉዳይ ጆሮዋን ከድንጋዩ ላይ ለጥፋ ልጇን ስትጠራ ዋለች።

«እመቤቴ፣ ንጉሡ ይጠብቁዎታል» አለ መልእክተኛው። «ይነሡ፣ በስብሰዋል።»

«ልጄ ብርድ አትወድም» አለችው። «ትንሽ ልቆይላት።»

መልእክተኛው ዕንቁውን ይዞ ሄደ። እንጉዳይ ቀረች፤ ደብሪቱም ቀረች።