የዓይደሯ ደንበኛ

ሰርካዲስ ኢኽላስን በዓይኗ አይታት አታውቅም። የምታውቀው ድምፅዋን ነው፤ ድምፅዋን ደግሞ አምርራ ትጠላዋለች።

በእርግጥ ድምፁ ያጠፋው ነገር የለም። ለስለስ ያለ የወሎ ልጅ ድምፅ ነው። «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው?» ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። ሌላ ሰው ቢሆን ጠዋት ያን ድምፅ ሰምቶ ቀኑን ደስ ብሎት ይውል ነበር። የሰርካዲስ ቀን ግን ዓይደር ሰፈር ያለችው ይህች ባለሱቅ ከደወለች ወዲያ አለቀለት።

ምክንያቱ ጎይቶም ነበር።

ጎይቶም መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለው የአቶ ሽሻይ የምግብ ሸቀጥ ማከፋፈያ ሾፌር ነው። ጠዋት አይሱዙውን ያስጭናል፣ ከተማውን ሲዞር ውሎ ለየሱቁ ያራግፋል፣ ወደ ማታ ባዶውን ይመለሳል። ሰርካዲስ ደግሞ መጋዘኑ በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የባለሱቆችን ትዕዛዝ በስልክ ትቀበላለች። አባቷ መምህር ይበልጣል ከደብረ ብርሃን ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሷም መቀሌ ተወልዳ ያደገች ናትና ትግርኛውን እንደ አገሬው ትናገራለች። ጎይቶም ግን ከእሷ ጋር በአማርኛ ካልሆነ አያወራም።

«ለምን በቋንቋህ አታናግረኝም?» አለችው አንድ ቀን።

«ወሬው ቶሎ ስለሚያልቅብኝ» አላት። «በአማርኛ ሲሆን ቃል እየፈለግኩ እዚህ መስኮት ላይ ትንሽ እቆያለሁ።»

ይህን ብሎ ራሱ አፈረ። እሷም አፈረችና የጭነት ወረቀቱን ዘረጋችለት። ወረቀቱን ሁለቱም እንደያዙት ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ በአፍ የተባለ ነገር የለም። በዓይን ግን ብዙ ተብሏል፤ የመጋዘኑ ጫኞች እንኳ አይተው እንዳላዩ ማለፍ ጀምረው ነበር።

ሰርካዲስ ሥራ ስትጀምር የዚያ ቤት ትዕዛዝ መላ ቅጡ የጠፋ ነበር። አቶ ሽሻይ የባለሱቁን ቃል በጭንቅላታቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ባለሱቁ «የተለመደውን ላኩልኝ» ይላል፤ የተለመደው ምን እንደሆነ ግን ሁለቱ አይስማሙም። ከተጫነው ብዙው ተመልሶ ይመጣል። ይህን የለወጠችው እሷ ናት። የታዘዘውን ሁሉ ለባለሱቁ ደግማ ታነብለታለች፤ ከዚያ በአጭር መልእክት ትልክለታለች፤ ልክ ከሆነ ሚስኮል ያደርግላታል። ሚስኮሉ ካልመጣ ዕቃው አይጫንም። ባለሱቆቹ መጀመሪያ «ፈተና ነው እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ፤ እያደር ወደዱት። ተመላሽ ዕቃ ቀረ ማለት ይቻላል። አቶ ሽሻይም ሮማናት አደባባይ ሻይ ለመጠጣት በተቀመጡ ቁጥር የእሷን ነገር ሳያነሱ አይነሡም።

የዓይደሯ ሱቅ ግን አልተስተካከለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኽላስ ትደውላለች፣ ሰላምታዋን ትጨርሳለች፣ ማዘዝ ትጀምራለች። «ስኳር ሁለት ኩንታል፣ ማካሮኒ አራት ካርቶን...» ሰርካዲስ ትጽፋለች። ከዚያ ድምፁ ሞቅ ይላል። «ጎይቶምስ እንዴት ነው? ባለፈው ሲመጣ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሻለው?»

ከዚያች ስም ወዲያ የሰርካዲስ ጆሮ ጭው ይላል። ጉንፋኑን ማን ነገራት? ምን ያህል አጠገቧ ቢቆም ነው ሲያስነጥስ ያየችው? ኢኽላስ መናገሯን ትቀጥላለች፤ ሰርካዲስ «እሺ፣ እሺ» ብላ ትዘጋለች። ደግማ አታነብም፣ መልእክት አትልክም፣ ሚስኮል አትጠብቅም። ወረቀቱ ላይ «ተረጋግጧል» ብላ እስኪቀደድ ተጭና ትጽፍና ለጫኞቹ ትሰጣለች።

ከስሙ በኋላ የሚባለው ግን ወሬ ብቻ አልነበረም። ኢኽላስ ሐሳቧን መጨረሻ ላይ የምትቀይር ሰው ናት፤ «ማካሮኒውን ተይውና ሩዝ ይሁንልኝ» የምትለው ያኔ ነው። ስለዚህ ዓይደር የሚደርሰው ያልተፈለገ ዕቃ ይሆናል። ዕቃ ሲሳሳት ሊቀይር የሚመለሰው ማን ነው? ጎይቶም ነው። ሰርካዲስ ሰዓቱን እያየች ትጠብቀዋለች። እዚያች ሴት ደጅ መልሳ የምትልከው ራሷ መሆኗን ልቧ ያውቀዋል። ቅናት የያዘው ሰው ግን ያወቀውን የት ያደርገዋል? ኢኽላስ ስትደውል አሁንም ትዘጋባታለች።

የረመዳን ዋዜማ ላይ ነገሩ ከረረ። ኢኽላስ ደውላ ስምንት ካርቶን ፓስታ አለች፣ ቀጥላም «ጎይቶም ነው አይደል የሚመጣው?» አለች። ሰርካዲስ ዘጋች። በማግስቱ ስምንት ካርቶን ፓስታ ዓይደር ደረሰ። ኢኽላስ የፈለገችው ግን ተምር ነበር። ከሱቋ አጠገብ ባለው ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ዘመድ ያላቸው ጾመኞች ማፍጠሪያ ሊገዙ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በበነጋው ኢኽላስ የደወለችው ለሰርካዲስ ሳይሆን ለአቶ ሽሻይ ነው። አቶ ሽሻይ ወረቀቱን ይዘው ከቢሯቸው ወጡ።

«ለሦስተኛ ጊዜ» አሉ። «ወረቀቱ ፓስታ ይላል። ተረጋግጧልም ይላል። እንግዲህ የምትዋሸን እቺ የዓይደሯ ልጅ ናት። ከዛሬ ወዲያ ዕቃ አይላክላት።»

«ኢኽላስ አትዋሽም» አለ ጎይቶም።

ይህችን ቃል ሲናገር አልተጣደፈም። ሰርካዲስ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ጎይቶም ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ አቶ ሽሻይ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኣያ ሽሻይ። ተምር እንደምትፈልግ ለእኔ ነግራኝ ነበር። ለሰርካዲስ ንገራት ብላኝ ረሳሁት።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

አቶ ሽሻይ ቁጣቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግን አይመለስም። «በል እንግዲያው ቁልፉን አስቀምጥ፣ ወደይ፣ ልጄ። የሰው አደራ የሚረሳ ሾፌር አልፈልግም። ከነገ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ትሠራለህ።»

ጎይቶም ቁልፉን በአቶ ሽሻይ እጅ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሰርካዲስ ደሟ ፈላ። ለዚያች ሴት ሲል መኪናውን ሰጠ። እሷ ደንበኝነቷን እንዳታጣ፣ እሷ ውሸታም እንዳትባል፣ የሚወደውን ሥራ እንደ ዘበት አስረከበ። ከዚህ በላይ ፍቅር ምን አለ? ስልኩ ይጮኻል፣ ታነሳለች፣ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ግን አታየውም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ሐሳቡ ደግሞ ጣፋጭ ነበር። ዝም ብትልስ? ጎይቶም ከእንግዲህ ዓይደር አይሄድም። ከጠዋት እስከ ማታ እዚሁ፣ ዓይኗ ሥር ይውላል። ኢኽላስ ስሙን እየጠራች ትኑር። ሰርካዲስ ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ አፏን መዝጋት ብቻ ይበቃል።

በመስኮቱ አሻግራ አየችው። ከአይሱዙው ውስጥ ዕቃዎቹን እያወጣ ነበር፦ ጃኬቱን፣ የውሃ ኮዳውን፣ መስታወት የሚወለውልበትን ጨርቅ። ጨርቁን ካወጣ በኋላ ተመልሶ የጎኑን መስታወት ወለወለ፤ ነገ ለሚነዳው ለሌላ ሰው። ሰርካዲስ ልቧ ተሰበረ። ለሌላ ሴት ያደረገው ቢሆንም እንኳ ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ ማየት አልቻለችም። ተነሥታ ወደ አቶ ሽሻይ ቢሮ ገባች።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው። ኢኽላስ ስትደውል ሳትጨርስ እዘጋባታለሁ። ሳላረጋግጥ ነው ተረጋግጧል ያልኩት።»

አቶ ሽሻይ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ? ሌላውን ሁሉ ደግመሽ ደጋግመሽ እያነበብሽ? ለምን፣ ጓለይ?»

ሰርካዲስ ቀና አለች።  ጎይቶም መጋዘኑ ውስጥ ስለሚጀምረው ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። አየችው። አሁን ካላለችው መቼም አትለውም።

«ጎይቶምን በስሙ ስትጠራው መስማት ስለማልችል።»

አቶ ሽሻይ እሷን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚቆጡ መስለው ነበር፣ ግን ፊታቸው እንቢ አላቸው።

«ተምሩን ጫኑ» አሉ ቁልፉን ለጎይቶም እየዘረጉ። «አንቺም አብረሽ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት። ሕራይ?»

«ሕራይ፣ እሺ» አለች።

ጎይቶም ተምሩን አስጭኖ አይሱዙውን ወደ ዓይደር ነዳ። ሰርካዲስ መስኮቱን ተደግፋ ባጃጆቹን ታያለች።

«ለኢኽላስ ብዬ መሰለሽ?» አላት ሮማናትን ሲያልፉ።

«ለማን ብለህ ነው ታዲያ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ጽሑፍ ነው? ኣያ ሽሻይ ኢኽላስን ቢያምኗት ከሥራዋ የምትነሳው ማን ነበረች?» መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ኢኽላስ እንደማትዋሽ አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ ለምን እንደተሳሳትሽ አላወቅኩም። ብቻ እንዳትባረሪ ፈለግኩ።»

ሰርካዲስ እንባዋ መጣ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ተናድጄብሻለሁ ግን። ሓቂ ነው የምነግርሽ። ሰዎቹ ሲጾሙ ውለው ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

«እሱም እውነት ነው» አለ፤ መንገዱን እያየ ፈገግ አለ። 

ዓይደር ሲደርሱ ጸሐይዋ ዘንበል ብላለች። ሰርካዲስ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ተመኝታ ነበር፤ ያቺ ባለሱቅ አስቀያሚ ትሁን ብላ። አልሆነላትም። ኢኽላስ ቆንጆ ናት። ረዘም ያለች፣ ዓይኗ ሰው የሚያስቆም፣ ሻሿን ጣል ያደረገችበት አኳኋን እንኳ የሚያስቀና። ሰርካዲስ ቅናቷ እንደገና ተነሣባትና ይቅርታዋን በጥርሷ መሃል አወጣችው።

ጎይቶም ካርቶኖቹን ሊያወርድ ወደ መኪናው ሄደ። ኢኽላስ ወደ ሰርካዲስ ጠጋ አለች።

«ይቅርታውን እኔም ልጠይቅሽ ይገባል» አለች። «ስሙን የምጠራው ሆን ብዬ ነበር።»

«ምን ለማግኘት?»

«ወላሂ ቅናት ነው። እሱ እዚህ በመጣ ቁጥር ሻይ አቀርብለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ስላንቺ ያወራልኛል። ሰርካዲስ እንዲህ አለች፣ ሰርካዲስ እንዲህ አደረገች። እስቲ እሷስ ትወደው እንደሆነ ብዬ ስሙን ጠራሁ። ዘጋሽብኝ። ደግሜ ጠራሁ፣ ዘጋሽብኝ። ገባኝ። ቢገባኝም መጥራት አልተውኩም።» ወደ ደጅ አየት አደረገች። «ደግሞ ቢሆንስ መች ይሆናል? የእኔም ቤተሰብ፣ የእሱም ቤተሰብ አይሰሙንም። እሱ አያውቅም። እንዳትነግሪው አደራ።»

 ሰርካዲስ እጇን ዘርግታ የኢኽላስን እጅ ያዘች። ጎይቶም የመጨረሻውን ካርቶን ይዞ ሲገባ ሁለቱም ተላቀቁ።

የኢኽላስ ትዕዛዝ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሰርካዲስ እስከ መጨረሻዋ ቃል ትሰማታለች፣ ደግማ ታነብላታለች፣ ሚስኮሉም ይመጣል። የጎይቶም ስም ግን በስልኩ ላይ ተጠርቶ አያውቅም። ፋሲካ እንዳለፈ ጎይቶም ሽማግሌ ላከ፤ አቶ ሽሻይ ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆነው ሄዱ። አባቷ መምህር ይበልጣል ለወጉ ያህል ቀጠሮ አራዝመው በሁለተኛው እሺ አሉ።

ወሬው ዓይደር ደርሶ ኖሮ ኢኽላስ አንድ ጠዋት ደወለች። እንኳን ደስ ያለሽ አለች፣ መረቀቻት። ሰርካዲስ ትዕዛዝ ልትቀበል እስክሪብቶ አነሳች።

«ዛሬ አላዝም» አለች ኢኽላስ። «ከእንግዲህ ከሌላ አከፋፋይ ልወስድ ነው።»

«ምን አጎደልንብሽ? አሁን እኮ ምንም ስህተት የለም።»

«የለም» አለች። «ስህተት በነበረ ጊዜ ይመለስ ነበር። አሁን አራግፎ ይሄዳል። መሄዱን ቆሜ ማየት አልቻልኩም፣ እህቴ።»

ሰርካዲስ ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም፤ ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ወዲያው ግን በደስታዋ አፈረች፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም በእጇ እንደያዘችው ቆየች። በዓለም ላይ ያን ሕመም እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጎይቶም የጭነት ወረቀቱን ሊወስድ መስኮቱ ላይ መጣ። ወረቀቱን አገላብጦ አየ።

«የኢኽላስ የታለ?»

«ትታናለች። ከሌላ ልትወስድ ነው።»

«ለምን? ምን አድርገናት?»

ሰርካዲስ የኢኽላስን አደራ አስታወሰች። «እኔ ነኝ» አለች። «በረመዳኑ ነገር አስቀይሜያታለሁ። አልወጣላትም።»

ጎይቶም ቅር አለው። ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ጥሩ ደንበኛ ነበረች» አለ። «ያሳዝናል። በአንቺ ቅናት የተነሣ አጣናት።»

«አዎ» አለች ሰርካዲስ። «በቅናት የተነሣ ነው።»