ፉፋ በዚያ ዝናብ ለምን ወጣ?

የፉፋ አስከሬን የተገኘው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከእንጦጦ ወደ ቀበና በሚወርደው ገደል ሥር ነው። ያገኙት ዘወትር ቅዳሜ አብረውት ተራራ የሚወጡት ሁለቱ ጓደኞቹ ናቸው። ገበየሁ እያሳለው ተሸክሞ አወጣው፤ በላይነህ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው።

ሻምበል ወልደ ሐዋርያት ከፖሊስ ጣቢያ ደርሶ የሟቹን ኮት ሲፈትሽ ከአንዱ ኪስ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው የኪስ ደብተር ነው፤ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ጽሑፉ ፈስሶ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ሁለተኛው በቀለም የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ነው። «ሰማዩ አላማረኝም፤ የነገው ጉዞ ቀርቷል። ገበየሁ» ይላል።

«ይቅር ተብሎ ነበር፣ ሻምበል» አለ በላይነህ ዓይኑን እየጠረገ። «እልኸኛ ነው። ብቻውን ወጣ።»

ሻምበል ማስታወሻውን አገላብጦ አየና ያዘው።

ገበየሁ የኮተቤ አስተማሪ ነው። ቤቱ ተራራው ወገብ ላይ በመሆኑ ደመናውን አይቶ «እንሂድ» ወይም «ይቅር» የሚለው እሱ ነበር።

«አርብ ከሰዓት በላይነህ መጥቶ ነበር» አለ። «ብርድ መትቶኝ ስለተኛሁ፣ ለፉፋ እንዲያደርስልኝ ጽፌ ሰጠሁት። ጎረቤቱ ነው።»

«ቅዳሜስ?»

«ከአልጋዬ አልወረድኩም። ያየኝ ሰው ግን የለም።»

በላይነህም አልካደም። «አርብ አመሻሽ ላይ በእጁ ሰጠሁት። አንብቦ ኪሱ ከተተው። ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ።»

ሻምበል ለቅሶው ቤት ሲደርስ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው በላይነህ ነው። የሟቹን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሳውም እሱ ነበር።

«አበልጄ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለች የሟቹ ባለቤት ጂቱ።

«ቅዳሜ ጠዋት ምን ያደርግ ነበር፣ ወይዘሮ ጂቱ?»

«ሲወጣ ሲገባ ነበር። ሰማዩን እያየ፣ ‹ምን ወሰኑ ይሆን?› ይላል። ጫማውን አጥልቆ መልሶ አወለቀው። በኋላ አንድ ሰው በር ላይ ጠራው፤ ዝናቡ ድምፁን አላሰማኝም። ተመልሶ መጥቶ፣ ‹ገበየሁ ብቻውን ወጥቷል አሉኝ። በዚህ መብረቅ እንዴት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ?› አለኝና ወጣ።»

«የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር?»

«የወንድሙ የኢዶሳ ነገር። ከታኅሣሡ ግርግር ጀምሮ አንድ ሰው በጻፈው የክስ ደብዳቤ ታስሯል። ክሱ ያለበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ያንን ደብዳቤ ሊያሳየው ለሰኞ ቀጥሮት ነበር።»

«ይህን ለማን ነገረ?»

«ከጓደኞቹ ምን ይደብቃል?»

ሰኞ ዕለት በፉፋ ቀጠሮ ላይ የተገኘው ሻምበል ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ጂቱን፣ ገበየሁንና በላይነህን ከለቀስተኛው ለይቶ ጓዳ አስገባቸው። ደብተሩንና ማስታወሻውን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ሁለቱም ከአንድ ኪስ የወጡ ናቸው» አለ። «ፉፋ ቅዳሜ ውሎ እስኪነጋ ዝናብ ላይ ነበር። ደብተሩ ይኸው። የዚህ ማስታወሻ ፊደል ግን እንኳን ሊፈስ አልደበዘዘም። ኪሱ ውስጥ የገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።»

ገበየሁ ደነገጠ። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱ ግን አርብ ከእጅዎ ወጥቷል። ተቀባዩም አልካደም። ለፉፋ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ‹ምን ወሰኑ ይሆን› እያለ አይጨነቅም። አልደረሰውም ማለት ነው። ታዲያ እስከ እሑድ ማን ጋ ቆየ? ጋቢ እያለበሰ ኪስ ውስጥ መክተትስ ለማን ተመቸው?»

«ወንድሜ ነው እኮ!» አለ በላይነህ። «ለምን ብዬ?»

ሻምበል የክሱን ደብዳቤ ዘርግቶ አሳየው። «ፊርማው ያንተ ነው። ኢዶሳ በታሰረ በወሩ የሥራ ወንበሩ ላይ የተቀመጥከውም አንተ ነህ። ፉፋ ሰኞ ይህን ሊያነብ ነበር።»

በላይነህ ደብዳቤውን መልሶ አጠፈው። ሲናገር ድምፁ በጭንቅ ይሰማ ነበር።

«አልገፋሁትም። በር ላይ የጠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ ገበየሁን እንፈልግ ብዬ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰድኩት። ልገፋው ነበር፤ ግን ሳልነካው አፈሩ ከዳው። የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠለጠለ። እጁን ዘረጋልኝ።»

«አንተስ?» አለች ጂቱ።

«ቆሜ አየሁት።»

«ምን አለህ?»

«ስሜን ጠራ። ሁለቴ።»

ገበየሁ ከመቀመጫው ሲነሳ ጂቱ በእጇ መለሰችው። አላለቀሰችም። ልጇን ክርስትና ያነሳውን ሰው ፊት ለፊት አየችው።

«ሁለቴ የጠራህ» አለችው፣ «ያልሰማኸው መስሎት ነው።»