ጉያቱ ያልከፈተችው ኮንቴይነር

ልጆቼ፣ የምነግራችሁ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... እኔም ባላምነው እወድ ነበር።

በድርቁ ዓመት፣ ነጌሌ ቦረና፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ልጄ ጉያቱ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነች። ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች ያሉበትን ቦታ የሚልኩት ወደ እሷ ነው። ባሏ ዋቅጅራ ከዱብሉቅ ውሃ ጭኖ ከወጣ ወዲህ ጠፋ። ምሳ ይዤላት ሄጄ አብሬያት ተቀመጥኩ።

"መልእክቱ ተጨናንቋል አባ። የእሱም እዚያ ውስጥ ይሆናል" አለችኝ።

መልእክት የሚቀበለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ኮንቴይነር በሚሉት ዝግ ክፍል ነው የሚሠራው። ሥራ ሲበዛ ሌላ ክፍል ይከፈታል። እሷም ትከፍታለች... ጭራሽ ይዘገያል።

"ክፍሎቹ ሁሉም የሚነጋገሩት በአንድ መስመር ነው፤ ሲበዙ ይጋፉበታል።"

"ከብት እንደሚጋፋበት የዱብሉቅ ጉድጓድ በይኛ" አልኳት። አልሳቀችም።

አንዱን ብቻ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ዘጋች።

ሁለት ቀሩ።

"ይሄን እኔ አልከፈትኩትም" አለች በሹክሹክታ።

ዘጋችው። ተመልሶ ተከፈተ...

በዋቅጅራ ቦቴ ስም በቋንቋችን ጽሑፍ አመጣ፤ ሰላም ነው ወይ የሚል።

"ናጋ?"

"የት ነህ?" ብላ ጻፈች።

"ናጋ?"

"አባ፣ ለምን አይነግረኝም?"

"ሰላምታውን መልሺለት። የእኛ ሰው ሰላም ተጠያይቆ ሳይጨርስ ክፉ ወሬ አያወራም።"

ክፉ ማለቴ ቆጨኝ።

"ናጋ" ብላ መለሰች።

"ሎን ናጋ?"

ከብቱን መጠየቁ ነው። ከብቱ አልቋል። ቢሆንም "ናጋ" አልን።

"አባ ናጋ?"

እዚያ መሆኔን ማን ነገረው... "ናጋ" አለች።

"በሩ ጋ የቆመው ናጋ?"

ቢሮው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

"አትዙሪ" አልኳት።

ካልመለሰችለት የት እንዳለ አይነግራትም። እንባዋ እየወረደ ጻፈች...

"ናጋ።"

ቀጥላም "ዋቅጅራ፣ የት ነህ?" አለችው።

መልሱ ወዲያው መጣ።

"እሱ ያሳያችኋል።"

ከኋላችን በሩ ሲጢጥ አለ።

ስንዞር ማንም የለም። ከደፉ ጀምሮ ግን እርጥብ የእግር ዱካ በግቢው አቧራ ላይ ወደ ዱብሉቅ መንገድ ይሄዳል። ዝናብ ካየን ከዓመት በላይ ሆኖናል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች... ዱካው አይደርቅም።

ጉያቱ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች።

"ልጄ፣ ቆዪኝ..."

አልሰማችኝም። ከፊት ከፊቷ፣ ደረቁ አቧራ ላይ፣ አዲስ እርጥብ ዱካ አንድ በአንድ ይታተማል።

የሚረግጠው ግን አይታየኝም።