ሁለተኛው ተርሚናል

ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በቀየት የአየር ጠባይ ጣቢያ ኮምፒውተር ክፍል። የእንጨቱ መስኮት አራት ጣት ያህል ተከፍቷል። በሩ አጠገብ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። ወደ ጓሳ ተራራ ሊወጣ የታሰበው አዲስ ቴርሞሜትር ለሙከራ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገመዱ ከኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት፣ ከመረጃ መቀበያ መሰኪያው፣ ጋር በሁለት ብሎን ተጠብቋል። የጣቢያው ፕሮግራመር ደመላሽ ሲሠራ አድሮ፣ ባና ተከናንቦ ወንበሩ ላይ ተኝቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልደረባው እፀገነት ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ ወርዳ በሩን ስትከፍት መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ደመላሽ በከሰሉ ጢስ ታፍኖ ሞቷል።

ከሰሉን ያስገቡት ዘበኛው ጋሽ ትዕዛዙ ስለነበሩ አሥር ሰዓት ላይ ታሰሩ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ይዘንጋሽ በማግስቱ ጠዋት ደርሳ በእሳቸው ጀመረች።

«መስኮቱን ማን ዘጋው?»

«እኔስ ከፍቼ ነው የወጣሁት። ከሰል አስገብቶ መስኮት የሚዘጋ የመንዝ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ኮምፒውተሩንስ ነክተውታል?»

«ኧረ እኔ! እርጥበት አይወድም ካሉኝ ወዲህ ሳነጥስ እንኳ ወደ ውጭ ዞሬ ነው።»

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለመስቀል እጃቸውን አጣምረው መለሱ።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ገበያ ነበርኩ። እፀገነት ስትጮህ ነው የደረስኩት።»

«ኮምፒውተር ይችላሉ?»

«ደመላሽ ትንሽ አሳይቶኛል። ጽሑፍ መክፈት፣ ማጥፋት። ሌላው የእነሱ ሥራ ነው።»

ስክሪኑ ባዶ ነበር። ይዘንጋሽ እፀገነትን ጠራቻት።

«ምን ይሠራ ነበር?»

«ከዚህ ቴርሞሜትር በሲሪያል ፖርት የሚመጣውን የሚቀበል ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ተርሚናል ደግሞ ከጓሳ ያወረደውን አሮጌ መሣሪያ መዝገብ ሲያነብ ነበር። አሁን የገለበጠበት ፋይል የለም።»

«የመጀመሪያው ስትይ?»

«ስክሪኑ አንድ ነው፤ ከኋላው ግን ስድስት ተርሚናል፣ ስድስት የሥራ ገጽ፣ አለ። አንዱን ሲያዩ ሌሎቹ ሥራቸውን አያቆሙም።»

እፀገነት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነችና ሁለተኛው ተርሚናል መጣ። ስክሪኑ በሰዓትና በዲግሪ ቁጥሮች ተሞላ። ደመላሽ ከሞተ በኋላም ቁጥሩ በየደቂቃው ሲጻፍ አድሯል። እፀገነት አየችው፤ አላለቀሰችም።

«የጓሳውን መሣሪያ እንደገና አንብቢልኝ» አለቻት ይዘንጋሽ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ትዕዛዙ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆሙ።

«ትናንት ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ከሃምሳ፣ አሥራ አራት ዲግሪ» አለች ይዘንጋሽ። «አልጨመረም፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰባት ከሃምሳ ሁለት ላይ አሥራ አምስት፣ ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት። መስኮቱ የተዘጋው ያኔ ነው። የዘጋው ሰው የመጀመሪያውን ተርሚናል አጽድቶ ፋይሉን አጥፍቷል፤ ሁለተኛውን ግን አልነካም። ጋሽ ትዕዛዙ አንዱንም ማጽዳት አይችሉም። እፀገነት ስድስቱንም ታውቃለች፤ ያን ሰዓት ደግሞ አውቶቡስ ላይ ነበረች። አንዱን ብቻ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት፣ አቶ ኃይለመስቀል።»

«ምን አድርጎኝ?»

«የጓሳው መሣሪያ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ባዶ ነው። እርስዎ ግን ወደዚያ ሳይወጡ በየወሩ የዲግሪ ሪፖርት ልከዋል። ደመላሽ ደረሰበት።»

አቶ ኃይለመስቀል ቁጥሮቹን ቁልቁል ተመለከቱ።

«ይኼ... እኔ እዚህ ቆሜም እየጻፈ ነበር?»

«በየደቂቃው።»

ፖሊሶቹ ከጋሽ ትዕዛዙ አጠገብ ወደ አቶ ኃይለመስቀል ሄዱ። ጋሽ ትዕዛዙ ማንደጃውን አንሥተው ወደ ውጭ አወጡ፤ መስኮቱንም ከፈቱ።

ጋሽ ትዕዛዙ የታሰሩት ለሃያ ሦስት ሰዓት ነበር። መስኮቱ ከተከፈተ ከደቂቃ በኋላ በሁለተኛው ተርሚናል ላይ የተጻፈው፦ ዘጠኝ ከአራት፣ አሥራ አንድ ነጥብ አምስት ዲግሪ።